ባባ ጣቃ በአንድ ዐይን

ከአራት ወር በኋላ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው እቅፍ ይጠብቃል። ያስሚንን የጠበቃት የአባቷ ጀርባ ነበር።

እናቷ ሸምሲያማ በሩ ላይ አገላብጣ ስማታለች፤ «ከሳሽ፣ ጠቆርሽ፣ ሃጂራ ምን እያበላች ነው ያከረመችሽ?» ብላ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ተቀብላታለች። ሐጂ ዐብዱልከሪም ግን ከዙሁር ሶላት ተመልሰው ምሳ ቀርቦላቸው ነበር። ሰላምታዋን በግማሽ አፍ መለሱና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እጃቸውን ልትስም ጎንበስ ብትል እጃቸውን ሰበሰቡ።

ያስሚን አራት ወር አይከል ከተማ የከረመችው ወዳ አልነበረም። «አክስትሽ ሃጂራ አራስ ናት፤ ሂጂና አግዣት» ተብላ ነው የሄደችው። አክስት ሃጂራ እውነትም አራስ ነበረች፤ ነገር ግን ለአራስ ጥየቃ አራት ወር የሚቀመጥ እንግዳ የትም ሀገር የለም። ዋናው ምክንያት ቢያዝን የሚባል፣ ኮሶዬ ከምትባል ገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ሁለቱ ፒያሳ ካለ አንድ ስቱዲዮ ለልጆች የሥዕል ታሪክ ይሠራሉ። ከሥራ አብረው ይወጣሉ። አብረው ሲወጡ የጎንደር ዐይን ያያል፤ የጎንደር አፍ ደግሞ ያየውን ይዞ አያድርም። እሱ ክርስቲያን፣ እሷ ሙስሊም፤ እሱ የገበሬ ልጅ፣ እሷ የታወቀ ነጋዴ ልጅ። ወሬው ቅዳሜ ገበያ ካለው የአባቷ ጨርቅ ቤት በደረሰ በሦስተኛው ቀን ያስሚን የአይከል ሚኒባስ ላይ ነበረች። ታብሌቷ እንኳ ስቱዲዮው ውስጥ እንደቀረ ቀረ፤ ስልኳንም አባቷ ተቀብለው አስቀመጡት።

«አባዬ፣ ምነው? ምን አጠፋሁ?»

ሐጂ ዐብዱልከሪም ስልካቸውን አወጡ፣ መነጽራቸውን ሰኩ፣ አንድ ሥዕል ፈልገው ከፈቱና ከፊቷ አስቀመጡላት።

«አንዱን ዐይኔን የት ጣልሽው?» አሏት።

ሥዕሉ ባባ ጣቃ ነበር። ባባ ጣቃ እሷ ራሷ የፈጠረችው፣ በስቱዲዮው የቴሌግራም ቻናል በየሳምንቱ ለልጆች በሚወጣው ታሪክ ውስጥ ያለ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ውቢት ለምትባል ቀበጥ ልጅ ጨርቅ በክንድ እየለካ ቁጥር ያስቆጥራታል። ፊቱ የሐጂ ዐብዱልከሪም ፊት ነው፤ ቆባቸው፣ ሪዛቸው፣ ሲስቁ የሚጠቡት ዐይኖቻቸው ሳይቀሩ። ያን ፊት በቀላሉ አላገኘችውም። አጎቶቿ «ነፍስ ያለው ነገር እየሣሉ መኖር ምን ይባላል?» ብለው ሲነሡባት አባቷ ናቸው «ልጆች ቁጥር የሚማሩበት ከሆነ እንኪ፣ የእኔን ፊት ውሰጂ» ብለው አፋቸውን ያስያዙላት።

አሁን ከፊቷ ያለው ባባ ጣቃ ግን ወደ ጎን ዞሯል። ውቢትን በክንዱ እየገፋ ከሱቁ ያስወጣታል። የሚታየው አንድ ዐይኑ ብቻ ነው።

የሌላ ሀገር ሰው ቢያየው ወደ ጎን የዞረ ሽማግሌ ነው፣ አለቀ። ጎንደር ውስጥ ግን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያየ ሁሉ ሕጉን ያውቃል። ጻድቅ በሁለት ዐይኑ ያይሃል፤ ከሃዲው፣ ገዳዩና ሰይጣኑ ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዐይን ይታያሉ። ሐጂ ዐብዱልከሪም ሙስሊም ቢሆኑም ሥዕል ተሥሎበት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን አቡጀዲ ለሠዓሊዎቹ ሲሸጡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ይህን ሕግ ከስንቱ ዲያቆን በላይ ያውቁታል።

«ሠዓሊው አለቃ ካሣዬ አቡጀዲ ሊገዛ መጥቶ፣ ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ‹ሐጂ፣ ልጅዎ ከእነ ሄሮድስ ጋር ደረደረችዎ› ብሎ ሳቀ» አሉ። «እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ቤቴ ገብቼ ግን አልሳቅሁም።»

«አባዬ፣ ወላሂ እኔ አልሣልሁትም!»

«ወላሂን ለዚህ አትጥሪ!» ድምፃቸው ከፍ አለ። እናቷ ከጓዳ ብቅ ብላ ተመልሳ ገባች። «እጁ የማን ነው? እኔ ሥዕል አላውቅም፤ የልጄን እጅ ግን አውቃለሁ። ስሙስ? ከሥር የተጻፈው የማን ስም ነው?»

ያስሚን ስልኩን አነሣችው። እጁ የእሷው ነበር። ከላይ ወፍሮ ወደ ጫፉ የሚቀጥነው መስመር የእሷ ነው። ደከም ያለው የዐይን ቆብ የእሷ ነው። ጥላውን በጥቁር ሳይሆን በሐምራዊ መጣል፣ በብርሃኑና በጥላው ድንበር ላይ ክር የምታህል ቀይ መሳብ፣ ይህን ሁሉ ማንም አላስተማራትም፤ ሁለት ዓመት ዐይኗ እስኪቀላ ብቻዋን ያገኘችው ነው። ከሥሩም «ሥዕል፦ ያስሚን ዐብዱልከሪም» ይላል። ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ፣ ሣልሁት እንዴ ብላ ራሷን ጠየቀች። ያቺ አፍታ ናት ያሳበደቻት።

«ከአይከል በሹፌር በፍላሽ ትልካለች ብላ የስቱዲዮው ባለቤት ፋሲካ ነግራናለች» አሉ አባቷ። ከምሳው ሳይቀምሱ ተነሡ። «አርቄሽ ስለነበር መናደድሽን አልጠላም። ግን ልጄ ከሰደበችኝ በአፏ ትስደበኝ። እኔ በሰጠኋት ፊት አትስደበኝ።»

በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። ያስሚን እዚያው ቆማ ቀረች። በዓለም ላይ ይህን እጅ እንደ ራሷ አድርጎ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ የዚያን ሰው ደብዳቤ ደግሞ ጠዋት ስትነሣ አክስት ሃጂራ «አራት ወር ደብቄው ነበር፤ አውፍ በይኝ» ብላ እጇ ላይ አስቀምጣላታለች። ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ አልተከፈተም። ለብቻዋ ሆና ልታጣጥመው ነበር። አሁን ግን ቦርሳዋን ከእናቷ እጅ መንጭቃ ስትወጣ ደብዳቤውን ማቃጠል እንጂ ማንበብ አላማራትም።

*

ስቱዲዮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ፋሲካ ስታያት እጇን ዘርግታ መጣች።

«ውይ ያስሚንዬ! እንኳን ደኅና መጣሽ! ያለፉት አራት ወራት ክፍሎች እኮ... ከመጀመሪያዎቹ ሁሉ ይበልጣሉ! አይከል ተስማማሽ መሰለኝ።»

በቁስል ላይ ጨው ማለት ይህ ነው። ያስሚን አለፈቻት።

ቢያዝን በመስኮቱ በኩል ካለው ጠረጴዛ ተነሣ። አራት ወር ያላየችው ፊት ነው፤ ከስቷል፤ ጢሙን አልተላጨውም። ሲያያት ዐይኑ እንደ በራ አየችው፤ ያም ይበልጥ አናደዳት። ሰው አባቷን ሰድቦ እንዴት እንዲህ አድርጎ ያያታል?

«ያስሚን... መጣሽ? ሸጋ ነሽ? እኔ እኮ...»

«ተቀመጥ።»

«ምነው? ምን ሆነሽ...»

«ተቀመጥ አልሁህ!»

ተቀመጠ። ታብሌቱን ከፊቱ ሳበችው። የተከፈተው አዲስ ክፍል ነበር፤ ውቢት በግማሽ ተሥላለች፣ ጥላዋ ገና አልተጣለም። ዘግታ ወደ ኋላ ስትመለስ «የመምህሬ እጅ» የሚል ፎልደር አገኘች። ከፈተችው።

ውስጡ የእሷ ዐይን ቆቦች ነበሩ። ሦስት መቶ፣ አራት መቶ የዐይን ቆብ። አንዳንዱ ተሰርዟል፣ አንዳንዱ ተከብቧል። ገጽ ሙሉ ጣቶች፣ ገጽ ሙሉ የጉንጭ ጥላ፣ በየዳሩም የእሱ ልቅም ያለች የቄስ ትምህርት ቤት ጽሕፈት፦ «ጥላዋ ጥቁር አይደለም፣ ሐምራዊ ነው፤ ለብቻው በሌላ ንጣፍ፣ ሌየር ላይ ትጥለዋለች። መጀመሪያ ጠርዙን እንደ መቀስ ትቆርጠዋለች፣ ከዚያ ጉንጭ ላይ ብቻ ታለሰልሰዋለች፤ ልብስ ላይ አታለሰልስም። ብርሃኗ ምንጊዜም ከግራ ነው። ቤቷ መስኮቱ በግራዋ ይሆን? ቀይዋን መስመር ለማግኘት አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ።»

መስኮቱ በእርግጥ በግራዋ ነው። በሕይወቷ ማንም እንዲህ አድርጎ አስተውሏት አያውቅም፤ እናቷም፣ አባቷም፣ ራሷም ብትሆን። እናም ይህን ሁሉ ያደረገው ሳትጠየቅ፣ ሳታውቅ፣ አክስቷ ቤት ዳይፐር ስታጥፍ ነው።

«ሌባ!» አለችው።

ፋሲካ ከወዲያ ሆና «ምንድን ነው?» አለች።

«ሌባ አይደለሁም» አለ ቢያዝን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስሜን አልጻፍሁም። ሁሉም ላይ ያንቺን ነው የጻፍሁት፤ ለፋሲካም ከአይከል በሹፌር ትልካለች አልኋት። ደብዳቤ ልኬልሽ ነበር። መልስ ሲጠፋ ዝምታሽን እሺታ አደረግሁት።»

ደብዳቤውን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። እንደታሸገ ነበር። ቢያዝን አየው፣ ፊቱም ተለዋወጠ። «አላነበብሽውም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«ዛሬ ጠዋት ነው የደረሰኝ!»

ቀድዳ ከፈተችው። አንብቢ ያላት ሰው አልነበረም፤ ንዴቷ ነው ያስከፈታት። ተጨማሪ ጥፋት ፈልጋ ነበር።

«ያስሚን፣ ፋሲካ ባባ ጣቃን ለሌላ ሠዓሊ ልትሰጠው ነው። ‹ታሪኩ አይቋረጥም፤ በየሳምንቱ ካልላከች ሌላ እፈልጋለሁ› ብላለች። የሌላ ሰው እጅ ካረፈበት ተመልሶ ያንቺ አይሆንም። እኔ እጅሽን ልማርና እስክትመጪ ልያዝልሽ? አያ አዳነ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን ስንሥል እንዲህ ነው የምናደርገው፤ መምህሩ ሲታመም ደቀ መዝሙሩ ግድግዳውን በመምህሩ እጅ ይጨርሳል፣ ስም አይጻፍም። ካልወደድሽው ‹ተው› የምትል አንዲት ቃል ላኪልኝ፤ እተዋለሁ። ካልሆነ ግን ጠብቄ አስረክብሻለሁ። ቢያዝን።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሰው ቁጣውን በግማሽ ሲቀሙት ምን ያህል እንደሚናደድ የሚያውቅ ያውቃል። ይቅር ልትለው አልፈለገችም። ይቅር የምትልበትን ምክንያት እጇ ላይ ስላስቀመጠላት ደግሞ ጠላችው።

«አያ አዳነ ያስተማረህ ይኸን ነው?» አለችው።

«አያ አዳነ አጎቴም መምህሬም ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የእሱን መላእክት ነው የገለበጥሁ። የመምህርህን እጅ ካልያዝህ ምንም አልያዝህም ይለኛል። እኛ ዘንድ ክብር ነው ያስሚን። ለሚወዱት መምህር...»

«እኔ አልታመምሁም! አልሞትሁም! አይከል ነበርሁ! እዚህ ሠፈር እጅ ማለት ስም ነው። ስሜን ለብሰህ አራት ወር ስትሄድ፣ እኔ የት ነበርሁ?»

ቢያዝን አቀረቀረ። «ይኸንን አላሰብሁትም» አለ።

«እሺ። ክብር ነው እንበል።» ድምፅዋ በድንገት ረጋ አለ፤ የሚያውቋት ይህን ድምፅ ነው የሚፈሩት። ታብሌቱ ላይ ቻናሉን ከፍታ ባለ አንድ ዐይኑን ባባ ጣቃ አፍንጫው ሥር አደረገችለት። «ይኸስ? ይኸም ክብር ነው?»

ቢያዝን ዐይኑን ከሥዕሉ አሸሸ።

«የዕይታ ማዕዘን ጉዳይ ነው በል። ወደ ጎን ዞሮ ነው በል። ለአርሲ ሰው፣ ለአዲስ አበባ ሰው ንገረው፤ እኔን ሕጉን ያስተማርኸኝ አንተ ነህ።»

«አውቄ ነው» አለ ቢያዝን።

እንዲዋሽ ነበር የጸለየችው። አልዋሸም።

«ሱቃቸው ሄጄ ነበር። ከአይከል መልስ ሲጠፋብኝ፣ ደኅንነቷን ብቻ ልስማ ብዬ። ‹አቡጀዲ ከፈለግህ አለ፤ ልጅ አንሸጥም› አሉኝ፣ ሰው ፊት። ወደዚህ ተመልሼ ያን ገጽ ሣልሁት። አንድ ዐይን ሰጠኋቸው። ሥዬ ስጨርስ ቀለለኝ። በማግሥቱ ላጠፋው ብዬ ስመጣ ፋሲካ ቻናሉ ላይ አውጥታው ነበር።»

«ተናድደህ ነበር።»

«ተናድጄ ነበር።»

«ተናድደህ ከሆነ ሂድና በአፍህ ስደበው! በራስህ እጅ ሣለውና ከሥሩ ቢያዝን ብለህ ጻፍ! በእኔ እጅ አባቴን ሰደብህ! አባቴ ዛሬ ምሳውን ሳይቀምስ የተነሣው እኔ የሰደብሁት መስሎት ነው። ፊቱን ሰጥቶኝ፣ ለእኔ ብሎ ከወንድሞቹ ተጣልቶ፣ እኔ...» መጨረስ አቃታት።

ቢያዝን ተነሣ። ፊቱ ዐመድ መስሏል። «እሄዳለሁ። አሁን ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«ትሄዳለህ እንጂ!» አለች ያስሚን፣ ታብሌቱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ብብቷ ሥር እያደረገች። ከኋላዋ ሲከተላት የጫማውን ኮቴ ትሰማ ነበር፤ ያን ኮቴ አራት ወር ሙሉ በሕልሟ ስትሰማው ከርማለች። አሁን መስማቱ አስጠላት፤ እንዳይቋረጥም ፈራች።

*

ሐጂ ዐብዱልከሪም ባንኮኒው ኋላ ሆነው ጨርቅ እየጠቀለሉ ነበር። ልጃቸው ያን ልጅ አስከትላ ስትገባ ሲያዩ ጣቃው እጃቸው ላይ ቆመ።

«ጭራሽ ይዘሽው መጣሽ?»

«አባዬ፣ የሚነግርህ ነገር አለው።»

ቢያዝን ሻርፑን ከአንገቱ አውርዶ አገለደመ። በሀገሩ ጥፋተኛ ሽማግሌ ፊት የሚቆመው እንዲያ ነው። «ሐጂ፣ ያን ሥዕል የሣልሁት እኔ ነኝ። እሷ ስለ ነገሩ አታውቅም። እዚህ በር ላይ በተናገሩኝ ነገር ተናድጄ፣ የእሷን እጅ ተምሬ፣ በእሷ ስም አወጣሁት። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።»

ሐጂ ዐብዱልከሪም፣ ያስሚን በምንም ያልጠበቀችውን፣ ፈገግ አሉ። የድካም ፈገግታ ነው።

«ወንድ ነህ» አሉት። «የእሷን ጥፋት ልትሸከም መጣህ። እኔም በአንተ ዕድሜ እንዲህ አደርግ ነበር ይሆናል። ግን ልጄ፣ ሰው የሰውን እጅ እንዲህ አድርጎ አይዝም። ሂድ። አልተቀየምሁህም።»

«ሐጂ፣ እውነቴን ነው!»

«ይበቃል።»

ያስሚን ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ሐሰቱን ሁሉም አምኖ እውነቱ ሲመጣ ጨዋነት ሆኖ ቀረ! ታብሌቱን ባንኮኒው ላይ፣ በጣቃዎቹ መካከል፣ አስቀመጠችውና ብዕሩን ለቢያዝን ሰጠችው።

«ሣለው» አለችው።

«እዚህ?»

«እዚሁ፣ አባቴ ፊት! አባዬ፣ መነጽርህን አድርግ። እኔ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ እቆማለሁ።»

ሁለት ሴቶች ነጠላ ሊገዙ ገብተው ነበር፤ ነገሩን አይተው ወደ ዳር ቆሙ። ቢያዝን ብዕሩን ያዘ። ሐጂ ዐብዱልከሪም ሊመልሱት ያሰቡ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን መስመሩ መውጣት ሲጀምር መነጽራቸውን ፈለጉ።

ቆባቸው ወጣ። ሪዛቸው ወጣ። ከላይ ወፍሮ ወደ ጫፉ የቀጠነው መስመር ግንባራቸውን አለፈ። የዐይን ቆቡ ደከም ብሎ ወረደ፤ አንደኛው፣ ቀጥሎም ሁለተኛው። ቢያዝን አዲስ ሌየር ከፍቶ ሐምራዊውን ጥላ ጠርዙን ቆርጦ ጣለ፣ ጉንጩ ላይ በጣቱ አለሰለሰው፣ ልብሱን ሳያለሰልስ ተወው። ሲያበቃ ክር የምታህለውን ቀይ በድንበሩ ላይ ሳባት። ሥዕሉ ነፍስ ዘራ። ከባንኮኒው ላይ ባባ ጣቃ በሁለት ዐይኖቹ ቀና ብሎ አያቸው።

ሐጂ ዐብዱልከሪም አንድ ጊዜ የቢያዝንን ጣት፣ አንድ ጊዜ ከኋላዋ የተቆላለፉትን የልጃቸውን እጆች አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሱብሃነላህ» አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ያስሚን ዞሩ። «ወላሂ ስትዪኝ... አላመንሁሽም።»

«አላመንኸኝም።»

«አውፍ በይኝ ልጄ። ገና ሥዕሉን ሳየው ለሃጂራ ደውዬ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር። አኩርፌ ተቀመጥሁ።»

ያስሚን ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። በዚህ ጊዜ እጃቸውን አልሰበሰቡትም። የመጣችበት ጉዳይ አለቀ፤ ንዴቷም እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። ሥዕሉን እያየች ነበር። አባቷን እያዩ ያሉት ዐይኖች የእሷ ናቸው። ቢያዝን የት አለ? ከቆቡ እስከ ሪዙ ፈለገችው። አንድም ቦታ የለም።

«አጥፋው» አለችው። «አሁን በራስህ እጅ ሣለው።»

ቢያዝን ቀና አለ።

«ሰማኸኝ። በአንተ። እኔን ከመማርህ በፊት በምትሥለው። ጥቁር መስመር፣ አፍጥጦ የሚያይ ዐይን፣ ረጃጅም ጣት። ጥላ የሌለው። አባቴ እሱን የሰደበውን ሰው እጅ ይይ።»

አዲስ ገጽ ከፈተ። ብዕሩን አሳረፈ። ወፍራም ጥቁር መስመር ጀመረ፤ ግንባሩ ጋ ሲደርስ መስመሩ ቀጠነ። አጠፋው። እንደገና ጀመረ። ዐይኑን አስቀደመ፤ ትልቅ፣ ክፍት፣ የለውዝ ቅርጽ ያለው ዐይን ሊያወጣ፤ ቆቡ ደከም ብሎ ወረደ። አጠፋው። ሦስተኛውን ስሕተት ከባንኮኒው ማዶ የቆሙት ሴቶች እንኳ አወቁት።

«ቀጥል» አለች ያስሚን።

«እየቀጠልሁ ነው።»

«ይኸ የእኔ ነው። ያንተን ነው ያልሁህ!»

«የለም!» ጮኸ ቢያዝን፣ ብዕሩን ባንኮኒው ላይ ጥሎ። እሱም እንደሚናደድ እስከዛሬ አላየችም ነበር። «የለም፣ ያስሚን! ጠፍቶኛል! ወር ከሆነው ቆይቷል። አያ አዳነ ለበዓል አንድ ሚካኤል ሣልልኝ ቢለኝ ያንቺን ዐይን አወጣሁለት። አይቶ ዝም አለኝ። እጄን ሳነሣ አንቺ ነሽ የምትመጪው። አንቺ ስለሌለሽ ነበር፤ ስሥል አጠገቤ ያለሽ ይመስለኝ ነበር። ሌላ ምን ነበረኝ?»

ሌላ ቀን ቢሆን፣ ሌላ ሴት ብትሆን፣ በዚህ ቃል ትቀልጥ ነበር። ያስሚን ግን እንባዋ የመጣው ከንዴት ነው።

«ደስ እንዲለኝ ነው?» አለችው። «ይኸን ሰምቼ ደስ እንዲለኝ ነው? እኔ የወደድሁት ሰው ነበረ! ሲሥል ፈጽሞ መዋሸት የማያውቅ፣ ሥዕሉ እንዳፈጠጠ ዐይን ዐይንህን የሚያይ፣ ጥላ መጣል ሳስተምረው ‹እኛ ጥላ አንሥልም› ብሎ የሚከራከረኝ! እሱን ምን አደረግኸው? ሳታስፈቅደኝ እኔን ወሰድህ፤ እሺ፣ ደብዳቤህ መንገድ ላይ ቀረ እንበል። እሱንስ ሳታስፈቅደኝ የት ጣልህብኝ?»

«የወደድሁት» ያለችው አባቷ ፊት ነው። ካለችው በኋላ ነው የታወቃት። ሐጂ ዐብዱልከሪም የያዙትን ጣቃ ፈተው እንደገና መጠቅለል ጀመሩ፤ ጠማማ ነበር የሚጠቀልሉት።

«ኮሶዬ ሂድ» አለችው፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «አያ አዳነ ዘንድ ተመለስ። ቀለም በጥብጥ፣ ግድግዳ ፋቅ፣ የምታደርገውን አድርግ፤ እጅህን ፈልገህ አምጣው። እኔን በእኔ እጅ አትውደደኝ። አባቴንም በራስህ እጅ፣ በሁለት ዐይን ሣልና ይዘህ ና።»

«ከዚያስ?» አለ ቢያዝን።

«ከዚያማ እንጣላለን! እስከዛሬ ያልተጣላነውን ሁሉ እንጣላለን። አሁን የምጣላው ሰው እንኳ የለኝም።»

ቢያዝን ሻርፑን ፈቶ ትከሻው ላይ ጣለው። ለሐጂ ዐብዱልከሪም ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልክ አስታውሶ ሊሥለው እንደፈለገ ሰው፣ የያስሚንን ፊት ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ ወጣ።

ነጠላ ፈላጊዎቹ ነጠላውን ረስተው ተከትለውት ወጡ፤ ወሬ ከነጠላ ይሞቃል።

«እኔ አሁንም አልፈቀድሁም» አሉ ሐጂ ዐብዱልከሪም፣ ጣቃውን እያዩ። «ይኸን እወቂ። ዲን አለ፣ ዘመድ አለ።»

«አውቃለሁ።»

«ብቻ...» አመነቱ። «እጁን የሚያገኘው ይመስልሻል?»

ያስሚን ወደ በሩ ሄደች። በሩ ላይ ሆና አየችው። ቢያዝን በገበያው ሰው መካከል፣ ቀኝ እጁን እንደ ታመመ ሰው በግራው ይዞ፣ በኮሶዬ ወደሚያልፉት የደባርቅ መኪናዎች መናኸሪያ በሚወስደው በኩል እየሄደ ነበር። ሮጣ ደርሳ ጀርባውን በቡጢ ልትመታው ፈለገች፤ ጀርባው ላይ ፊቷን ልትደፋም ፈለገች። ገና መንገዱን ሳይሻገር ናፈቃት። ከሁሉም ይልቅ ያናደዳት ይሄ ነበር።